የማረፊያ ድረ ገጽ እንደ ውል፦ በስምጥ ሸለቆ ለዕረፍት የሚከራዩ ጎጆዎችን ድረ ገጽ ስለ ማሻሻል

በአዳማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለማረፊያ ባለቤቶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በሐይቅ ዳር ጥቂት ጎጆዎችን ለዕረፍት የሚያከራይ ሰው ድረ ገጹን እንዴት ያሻሽል? ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ሳቀርብ የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀለም፣ ስለ ተንሸራታች ፎቶግራፍና ስለ ቁልፎች ቅርጽ ይሆናል። እነዚህ የራሳቸው ቦታ አላቸው። እኔ ግን ዛሬ የማስረዳው አንድ ሐሳብ ነው፤ የማረፊያ ድረ ገጽ በባሕርዩ ውል ነው። የሚመዘነውም እንግዳውና አከራዩ ሳይገናኙ አንዱን ቃል በአንድ ትርጉም እንዲረዱት በማድረጉ ነው። በአገራችን ሁኔታ ይህ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ምክንያቱም ሁለት የቀን መቁጠሪያ፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር፣ ከአንድ በላይ ቋንቋና ከአንድ በላይ የቦታ ስም ይዘን ነው የምንዋዋለው።

ስም ያለውና ስም የሌለው አከራይ

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ዓርብ ከሥራ ወጥቶ ሶደሬ ፍል ውኃ ማደር ቀሏል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚያቀናው መንገድም የባቱንና የላንጋኖን ዳርቻ ለከተሜው አቅርቦታል። ስለዚህ ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንሥቶ እስከ ወንዶ ገነት ድረስ ለቅዳሜና እሑድ የሚከራዩ ቤቶች የብዙ ሰው እንጀራ ሆነዋል።

በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አቶ በቀለ ሞላ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያቋቋሟቸውን ሆቴሎች ታስታውሳላችሁ። በላንጋኖ ዳርቻም በስማቸው የሚታወቅ ማረፊያ ነበራቸው። መንገደኛው አስቀድሞ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ስሙን ያውቃል፣ በአንዱ ከተማ ያገኘውን በሌላውም ይጠብቃል። በእኛ ዘመን ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሐዋሳ ጀምረው ያስፋፏቸውን ሪዞርቶች በስማቸው ጠርተዋቸዋል። ስሙ ራሱ ዋስትና ነው።

ስምንት ጎጆ ብቻ ያለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው። ለደላላ ይከፍላል፤ ከእያንዳንዱ ኪራይ ድርሻ ለሚወስድ የውጭ አገር የመያዣ መድረክ ያስረክባል፤ አለዚያም እንግዳው በራሱ ድረ ገጽ እንዲያምነው ያደርጋል። የድረ ገጹ ጥራት የዚህን ሰው የገቢ ድርሻ የሚወስን ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለውይይታችን እንዲያመች በላንጋኖ ዳርቻ ስምንት ጎጆዎች ያሉትን አንድ ማረፊያ በሐሳብ እንገንባ። በእውን ያለ ድርጅት አይደለም፤ የምጠቅስበት ጉድለት ግን ሁሉ በየስልካችን የምናየው ነው።

ሰዓት

ማረፊያው ድረ ገጹን ከውጭ አገር ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ሠርቶታል እንበል። በቅጹ ላይ የመግቢያ ሰዓት 2:00፣ የመውጫ ሰዓት 11:00 ይላል። ዝግጅቱን የሠራው ባለሙያ ቃላቱን ወደ አማርኛ ሲመልስ ቁጥሮቹን እንዳሉ ተዋቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነገሩ ግልጽ ነው፤ ነባሩ እንግዳ ከቀትር በፊት ይወጣል፣ ጎጆው ለሦስት ሰዓት ይጸዳል፣ አዲሱ እንግዳ ከቀትር በኋላ ይገባል።

በአማርኛ ያነበበው ቤተሰብ ግን ሌላ ነገር ተረድቷል። አዲሱ እንግዳ ልጆቹን ጭኖ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በር ላይ ይደርሳል። ነባሩ እንግዳ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የመቆየት መብት እንዳለው አምኖ ሐይቅ ዳር ተቀምጧል። ለጽዳት የታሰበው የሦስት ሰዓት ክፍተት ሁለት ቤተሰቦች አንድ ጎጆ ወደሚጠይቁበት ዘጠኝ ሰዓት ተለወጠ። ሁለቱም ያነበቡትን ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁጣውን የምትቀበለው ድረ ገጹን አይታው የማታውቅ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ናት።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአማርኛው ገጽ «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይገባሉ፤ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይወጣሉ» ተብሎ ይጻፍ። «ከቀኑ»፣ «ረፋዱ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉት ቃላት ጌጥ አይደሉም፤ የሰዓቱን ትርጉም የሚያስሩት እነርሱ ናቸው። በእንግሊዝኛው ገጽ ደግሞ ከቀትር በፊትና በኋላ የሚለው ምልክት አይጉደል። በውስጥ መዝገቡ ሰዓቱ በአንድ መለኪያ ይቀመጥ፤ የሚለወጠው ለአንባቢው የሚታየው መልክ ብቻ ይሁን። የቆይታውንም ልክ በሌሊት ቍጥር መግለጽ ይረዳል፤ «ዓርብ ማታ ገብተው እሑድ ረፋድ ይወጣሉ፣ 2 ሌሊት» የሚል ዐረፍተ ነገር ለክርክር አይጋብዝም።

ቀን

የቀኑ ጉዳይ ከሰዓቱ ይልቅ ስውር ነው። ብዙዎቻችን ጥምቀት በጃንዋሪ 19፣ ዘመን መለወጫ በሴፕቴምበር 11 እንደሚውሉ በቃላችን እንይዛለን። ይህ ግን በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ይዛነፋል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። በዚያው ዓመት ጥር 11 የዋለው ቅዳሜ ጃንዋሪ 20፣ 2024 ነበር። ልደትም በዘመነ ዮሐንስ እንደ ደንቡ ታኅሣሥ 28 ተከበረ።

አሁን በጥምቀት ዋዜማ ቢሾፍቱ ለማደር የፈለገ ቤተሰብ አስቡ። ድረ ገጹ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ የሚያውቀው ጥር 10ን ነው። በልማድ አስልተው ጃንዋሪ 18ን ቢመርጡ በአንድ ቀን ቀድመው ይደርሳሉ፤ በዋናው ሌሊት ጎጆው ለሌላ ተከራይቶ ያገኙታል። ይህ አጋጣሚ ይመለሳል፤ የ2020 ዓ.ም. ጥምቀት ሐሙስ ጃንዋሪ 20፣ 2028 ይውላል።

በአሳሾች ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የቀን መምረጫ የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያሳየው። ጃቫስክሪፕት ግን ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሳየት ችሎታ አለው። ስለዚህ አስቸጋሪውን ስሌት እንደገና መፈልሰፍ አያስፈልጋችሁም፤ ሥራው መምረጫውን መገንባት ነው። የእኔ ምክር ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ማሳየትና የሳምንቱን ቀን ከፊት ማስቀደም ነው፤ «ቅዳሜ፣ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 20፣ 2024)» እንደማለት። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ስሕተትን ቶሎ ያጋልጣል። ሥራችሁን ስትፈትሹም ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ንና መስከረም 1ን ሳታስገቡ «ተጠናቋል» አትበሉ።

ከቀን ጋር ወቅት ይመጣል። የሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ቢሾፍቱን ይሞላታል። ፋሲካና የሙስሊሙ በዓላት በየዓመቱ ቀናቸው ይቀያየራል። ጥርና ሚያዝያ የሠርግ ወራት ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይዘልቃል፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። የበዓል ዋጋና የበዓል ዝቅተኛ ቆይታ ካለ በቀን መምረጫው ላይ ይታይ። የጾም ምግብ መኖሩ፣ በረመዳን ማፍጠሪያና ሱሑር መቅረቡ በግልጽ ይጻፍ። ከውጭ የመጣ ቅጽ እነዚህን ጥያቄዎች አያውቃቸውም፤ የእኛ እንግዳ ግን ከመዋኛው በፊት የሚጠይቃቸው እነርሱን ነው።

ዋጋና ቀብድ

ብዙ ባለቤቶች ዋጋ መጻፍ አይወዱም። ምክንያታቸውን አከብራለሁ። ተፎካካሪ ያያል፤ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ በስልክ የመደራደሩም ዕድል ይቀራል ይላሉ። ሆኖም ዋጋ የሌለው ገጽ እንግዳውን የሚልከው ወደ ስልክ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ወደሚነግረው ደላላም ይልከዋል።

ዋጋ የሚጽፉትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ግማሹን ነው። «ለአንድ ሌሊት 4,000 ብር» የሚለው ማስታወቂያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 4,400፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 5,060 ብር ይሆናል። ለሁለት ሌሊት 8,000 ብር ይዞ የመጣ አባወራ 10,120 ብር ይጠየቃል። ሕጋዊ ክፍያ ነው፤ ነገር ግን በልጆቹ ፊት የተታለለ መስሎ ይሰማዋል፣ ዳግመኛም አይመለስም። ስለዚህ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቍጥር በመጨረሻ የሚከፈለው ድምር ይሁን፤ ዝርዝሩ ከሥሩ ይከተል። በዶላር የሚተምኑ ማረፊያዎችም የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ልብ ይበሉ፤ ዋጋው የወጣበት ቀንና በብር የሚሰላበት መንገድ ሳይገለጽ የተጻፈ የዶላር ዋጋ ውሉን ክፍት ያደርገዋል።

ቀብድ ደግሞ የውሉ ማኅተም ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላኩ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። የሚቀረው ማረጋገጫው ነው። በልማድ እንግዳው ገንዘቡን ያስተላልፋል፣ የደረሰኙን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል። ስክሪንሾት ግን ሊቀየር የሚችል ሥዕል ነው። አከራዩ የግብይቱን ቍጥር ከሒሳቡ ጋር ሳያመሳክር «ደርሶኛል» ማለት የለበትም። እንግዳውም የሚልክበት ሒሳብ በማረፊያው የንግድ ስም መከፈቱን ማየት ይኖርበታል። ስለዚህ ገጹ አራት ነገሮችን ይናገር፤ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ጎጆው ሳይከፈልበት ለስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ፣ እንግዳው ቢቀር ስንት እንደሚመለስለት፣ ማረፊያው ራሱ ቢያጓድል ምን እንደሚያደርግ። አራተኛው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የአንድ ወገን ግዴታ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ግን ውል ሊባል አይችልም።

ይህን ስል በምሳሌ ብቻ እየተናገርሁ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። የእንግዳን መታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ተቀብሎ ለዓመታት በስልክ ማኖር እንደ ድሮው ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ስም፣ ቋንቋና ፊደል

የመያዣ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊው ምን ይጻፍ? እኛ ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም አለን። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ይዘው ይመጣሉ፤ መዝገቡ በቤተሰብ ስም የሚፈልግ ከሆነ አንዱ ያስያዘውን ሌላው አያገኘውም። «ስም» እና «የአባት ስም» ብላችሁ ጠይቁ፤ መፈለጊያው የስልክ ቍጥር ይሁን። ማረጋገጫውም ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንዲደርስ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጭምር ይላክ።

የመሣሪያ ትርጉም ያለ አራሚ ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ ሁላችሁም አይታችኋል። «ቡክ ናው» የሚለው ቁልፍ «አሁን መጽሐፍ» ይሆናል። ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመልሰው «ሆም» ደግሞ «ቤት» ይባላል፤ ቤት በሚያከራይ ድረ ገጽ ላይ ይህን የተጫነ ሰው የሚጠብቀው የጎጆዎቹን ዝርዝር ነው። «ጎጆ ያስይዙ»፣ «መነሻ ገጽ» ብንል ግልጽ ነው። «ያስይዙ» ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። አማርኛ «አስይዝ» ሲል ወንዱን፣ «አስይዢ» ሲል ሴቷን ብቻ ይጠራል፤ የአክብሮቱ አነጋገር ሁሉንም በአንድነት ያስተናግዳል። አፋን ኦሮሞም በዚህ አካባቢ ዋና ቋንቋ ነው። ከአማርኛው ተገልብጦ ሳይሆን ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ከመነሻው በቁቤ ይጻፍ።

የቦታ ስሞች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፣ ባቱን ዝዋይ ብሎ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ሐዋሳም «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብላ ትጻፋለች። የመፈለጊያ ሳጥናችሁ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ ካልቈጠረ እንግዳው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ጎጆው ግን ባዶውን ያድራል።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም የዋጋ ዝርዝርን በፖስተር መልክ ሠርቶ ሥዕሉን መለጠፍ አልተውንም። በሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ማየት ለተሳነው ሰው በሚያነብ መሣሪያ አይነበብም፣ ዋጋ ሲለወጥም አይታረምም። ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ። መጠኑም ይስፋ፤ ስን ከሲ የምትለየው ትንሽ ቅጥያ በትንሽ ስክሪን ላይ ትጠፋለች።

ሥዕልና እውነት

ላንጋኖ ቡናማ ነው። በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ያን መልክ ይሰጠዋል። ከቢልሃርዝያ ነጻ መሆኑ ስለሚነገርለትም ለዋና የሚመረጥ ሐይቅ ነው። በማረፊያዎች ገጽ ላይ ግን በፎቶ ማሳመሪያ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ሰማያዊ ተስፋ አድርጎ የመጣ እንግዳ ቡናማውን ሲያይ ውኃው የቈሸሸ ይመስለዋል፤ አስቀድሞ የተነገረው ግን ደስ ብሎት ይዋኛል። ያው ሐይቅ፣ ያው እንግዳ፤ ልዩነቱን ያመጣው በገጹ ላይ የሚጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ሌሎችም መነገር ያለባቸው ነገሮች አሉ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ወባ ያሰጋል፤ አጎበር አለ ወይ? የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን ያልፋል፤ የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት ይጠፋል? ከአስፋልቱ መታጠፊያ በኋላ ያለው ኮረኮንች ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ በክረምት ትንሽ መኪና ያሳልፋል? ድረ ገጹ መንገዱን አይጠግንም፤ ያለውን ሁኔታ ግን ሳይሸፍን ሊናገር ይችላል።

ፎቶው ሲቀርብም ክብደቱ ይታሰብ። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን 12 ፎቶ 60 ሜጋባይት ነው፤ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር አራት ደቂቃ ይፈጃል። እያንዳንዱ ወደ 150 ኪሎባይት ቢጨመቅ ሁሉም በሰባት ሴኮንድ ገደማ ይደርሳሉ። የእንግዳውን የዳታ ገንዘብ መቈጠብም መስተንግዶ ነው።

ከየት እንጀምር?

ተማሪዎች «ያለ በጀት እንዴት እናጥና?» ትሉኛላችሁ። መልሱ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአንድ ወር የሚደወለውን ጥያቄ ሁሉ በደብተር አስመዝግቡ። እያንዳንዱ ጥሪ ድረ ገጹ ሳይመልሰው የቀረ ጥያቄ ነው። ከወሩ በኋላ ደጋግመው የተጠየቁትን በቅደም ተከተል ወደ መነሻ ገጹ አውጡ። ስልክ የምታነሣው ሠራተኛ ስለ እንግዳው ከንድፍ ባለሙያው የበለጠ ታውቃለች፤ የምክክሩ ወንበር ለእርሷም ይሰጥ።

ያኮብ ኒልሰን በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው አሥር የንድፍ መመሪያዎች ውስጥ ሥርዓቱ ተጠቃሚው ከሚኖርበት ዓለም ጋር ይስማማ የሚል አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምስት ሰዎችን መፈተን አብዛኛውን እንከን ለማግኘት እንደሚበቃ ተከራክሯል። እኔ በዚህ ላይ ለእኛ የሚስማማ አንድ ፈተና እጨምራለሁ። አምስት ሰዎች ለጥምቀት ዋዜማ ጎጆ ያስይዙ። ከዚያም እያንዳንዱን እንግዳና የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋን ለየብቻ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል፣ በጠቅላላው ስንት ብር ይከፈላል? መልሶቹ ከተስማሙ ድረ ገጹ ሠርቷል። ካልተስማሙ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ገና አልተሠራም።

በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ባለቤቶች በር ላይ የሚነሣ ክርክር የሚያስከፍላችሁን ታውቃላችሁ። ተማሪዎች ደግሞ ክርክሩን ከመነሻው የሚያስቀር ሙያ እየተማራችሁ ነው። ከስብሰባው በኋላ ስልክ ተለዋወጡ፤ የመመረቂያ ሥራችሁን ከላንጋኖ፣ ከሶደሬና ከቢሾፍቱ ከመጡት ከእነዚህ ሰዎች ደብተር ጀምሩት።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።